ጃማይካ ከኪንግስተን ባሻገር

ለዚህ ምሽት ንግግር ጥሪው ይዞት የመጣው ጥያቄ አጭር ነው፦ ጃማይካ የገባ ኢትዮጵያዊ መንገደኛ ኪንግስተንን ካየ በኋላ ወዴት ይሂድ? እንዴትስ ይሂድ?

ጃማይካ ከኩባ በስተ ደቡብ የምትገኝ ደሴት ናት። ከምሥራቅ ጫፏ እስከ ምዕራብ ጫፏ 235 ኪሎ ሜትር ያህል ትሆናለች፤ ከአዲስ አበባ እስከ ሐዋሳ ካለው መንገድ ታንሳለች። ወርዷ በሚሰፋበት ቦታም ከ80 ኪሎ ሜትር ብዙ አያልፍም። ይህን ቁጥር ያየ ሰው በሁለት ቀን ዞሮ ሊጨርሳት ያቅዳል። የብዙ መንገደኛ ጉዞ የሚበላሸውም እዚሁ ላይ ነው። የደሴቲቱ መሐል ተራራና ኮረብታ ነው፤ መንገዱ ገደሉን እየታከከ ይጠማዘዛል፣ ዝናብ በመታው ቁጥርም ይቦረቦራል። ከኪንግስተን ፖርት አንቶኒዮ ድረስ 100 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ ጉዞው ግን ሁለት ሰዓት ተኩል፣ አንዳንዴም ሦስት ሰዓት ይፈጃል። በአንጻሩ ከዋና ከተማዋ አጠገብ ተነስቶ ወደ ኦቾ ሪዮስ የሚያቋርጠው የክፍያ መንገድ እ.ኤ.አ. በ2016 ከተከፈተ ወዲህ ደቡብና ሰሜን ዳርቻው በአንድ ሰዓት ከምናምን ይገናኛሉ። ካርታ ላይ እኩል የሚመስሉ ሁለት መንገዶች በሰዓት እንዲህ ይራራቃሉ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክር፣ ደግሞም ከሁሉ የሚበልጠው፣ አንድ ማዕዘን መርጦ እዚያው መሰንበት ነው። አንድ ሳምንት ያለው ሰው ምሥራቁን ወይም ደቡብ ምዕራቡን ይያዝ። ሁለቱንም የሚመኝ ሁለት ሳምንት ያስፈልገዋል። የቀረው ምክር ሁሉ በዚህ ላይ የሚቆም ነው።

ከመነሳት በፊት ስለሚያስፈልገው ዝግጅት ጥቂት ነጥቦች አሉ። ደረቁ ወቅት በግምት ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ ነው። የአውሎ ነፋስ ወቅት የሚባለው እ.ኤ.አ. ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ያለው ጊዜ ነው። ከኢትዮጵያ የሚነሳ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ካርዱን መያዝ አለበት፤ ጃማይካ በሽታው ካለባቸው አገሮች የሚመጣን መንገደኛ ካርዱን ትጠይቃለች፣ ኢትዮጵያም ከእነዚሁ አገሮች ትቆጠራለች። የአሜሪካ ፓስፖርት ያለው ለአጭር ጉብኝት ቪዛ አይጠየቅም። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ግን የቪዛውን ጉዳይ ቲኬት ከመቁረጡ በፊት ይጨርስ፤ በአሜሪካ በኩል የሚያልፍ ከሆነም የመተላለፊያ ቪዛ እንደሚያስፈልገው አይዘንጋ። የኤሌክትሪኩ ኃይል 110 ቮልት ነው፤ ለ220 ቮልት ብቻ የተሠራ የአገር ቤት ዕቃ እዚያ በደንብ አይሠራም። የወታደር ልብስ የሚመስል ዥጉርጉር ልብስ ለሲቪል ሰው በሕግ የተከለከለ ነው፤ ለልጅ የተገዛ ሱሪም ቢሆን ቤት ይቅር። ገንዘቡ የጃማይካ ዶላር ነው። በሆቴል ሰፈሮች የአሜሪካ ዶላር ይቀበላሉ፤ ገጠር ውስጥ ግን ዝርዝር የጃማይካ ዶላር ያልያዘ ሰው ታክሲውም ጉልቱም ያስቸግረዋል።

ቀጥሎ የሚነሳው መጓጓዣ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት ይገባል።

ከተማ ለከተማ የሚያገናኙ፣ ሰዓት የሚያከብሩና አየር ማቀዝቀዣ ያላቸው አውቶቡሶች አሉ። ኪንግስተንን፣ ኦቾ ሪዮስን፣ ሞንቴጎ ቤይን እና ኔግሪልን የሚያገናኘው ናትስፎርድ ኤክስፕረስ የታወቀው ነው፤ ወንበሩ ቀደም ብሎ ይያዛል። ከዋናው መንገድ ሲወጣ ግን የአገሬው ሰው የሚሄድበት «ሩት ታክሲ» የሚባለው ነው። የአዲስ አበባን ታክሲ ያወቀ ሰው ይህን ለመልመድ አንድ ቀን አይፈጅበትም። ሕጋዊው ሩት ታክሲ ቀይ ታርጋ አለው፤ ኮድ 1ን ለሚያስታውስ ምልክቱ እንግዳ አይሆንም። መነሻና መድረሻው በመኪናው ጎን ተጽፏል፣ ታሪፉን መንግሥት ይወስነዋል፣ መኪናውም ሳይሞላ አይነሳም። በሕግ ከኋላ የሚቀመጡት ሦስት ናቸው፤ በተግባር አራተኛ ሰው ተጠግቶ ይገባል፣ የተማሪ ቦርሳና የያም ከረጢት ጭን ላይ ይወጣል፣ ሒሳቡ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፎ ጋቢና ይደርሳል። መውረድ የፈለገ «ዋን ስቶፕ፣ ድራይቨር» ይላል። ትርጉሙ «ወራጅ አለ» ነው።

መጠንቀቅ ያለበት አንድ ነገር አለ። ሾፌሩ መንገደኛው እንግዳ መሆኑን ካወቀ «ቻርተር» ሊለው ይችላል። ይህ የእኛው ኮንትራት ነው፤ ዋጋው የመኪናው ሁሉ ነው። ስለዚህ ከመግባት በፊት «ሩት ነው?» ብሎ መጠየቅ፣ ታሪፉንም አጠገብ ከቆመ ተሳፋሪ ማጣራት ይበቃል። ነጭ ታርጋ ይዞ ሰው የሚጭን የግል መኪና ርካሽ ቢሆንም ኢንሹራንሱ ተሳፋሪን የማይሸፍን ሊሆን ስለሚችል ቢቀር ይሻላል። እሑድ ታክሲው ይሳሳል፤ በዚያ ቀን ረጅም ጉዞ አይታቀድም። መኪና ተከራይቶ ለመንዳት ያሰበ ደግሞ በጃማይካ የሚነዳው በግራ በኩል መሆኑን፣ የተራራው ኩርባም ሁለት መኪና በግድ የሚያሳልፍ መሆኑን ይወቅ። ከጨለመ በኋላ በገጠር መንገድ መንዳት ለእንግዳ አይመከርም። ጉድጓዱ አይታይም፣ እግረኛውም አይታይም።

ታክሲ ውስጥ የገባ ሰው መጀመሪያ ሰላም ይላል። ይህ ጨዋነት በጃማይካ ገጠር ቀላል ነገር አይደለም። ሱቅ ገብቶ ሳይሰላም ዕቃ የሚጠይቅ ሰው እንደ ባለጌ ይታያል፤ ባለ ሱቋ እስኪሰላም ድረስ ዝም ልትለው ትችላለች። ሲመሽ የሚባለው «ጉድ ናይት» ነው፤ ይህም እዚያ የመገናኛ ሰላምታ እንጂ የመለያያ ቃል አይደለም። «እንደምን አመሻችሁ» ብሎ ወደ ሰው ቤት መግባት ለለመደ ኢትዮጵያዊ ይህ ከሁሉም የሚቀለው ትምህርት ነው፤ በብዙ ቦታም ከገንዘብ ይልቅ በር የሚከፍተው ይኸው ነው።

አሁን ወደ ምሥራቁ ማዕዘን፣ ወደ ፖርትላንድ። አንድ ማዕዘን ብቻ መምረጥ ያለበት ሰው ይህን ቢመርጥ አይጸጸትም። ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው እርጥብ ነፋስ ብሉ ማውንቴን ከሚባለው ሰንሰለት ጋር ሲጋጭ ዝናቡን እዚህ ያወርዳል፤ በተራራው ላይ በዓመት ከ5,000 ሚሊ ሜትር በላይ የሚዘንብባቸው ቦታዎች አሉ። ከተራራው ጀርባ ያለችው ኪንግስተን ግን ደረቅ ናት። ፖርትላንድ አረንጓዴ የሆነችውም፣ ትልልቅ ሆቴሎች በብዛት ያልሰፈሩባትም በአንድ ምክንያት ነው፤ ፀሐይን ብቻ ፈልጎ የሚመጣ ጎብኚ ዝናቡን አይወድም። ዝናብ የማይፈራ ሰው ሰፊ ቦታ ይተርፈዋል።

ፖርት አንቶኒዮ በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ በሙዝ ንግድ የበለጸገች የወደብ ከተማ ናት። ሙዙ ከተራራው በሪዮ ግራንዴ ወንዝ ላይ በቀርከሃ ታንኳ ይወርድ ነበር። ዛሬ በዚያው ታንኳ የሚወርደው ጎብኚ ነው። ታንኳው ረጅምና ጠባብ ነው፤ ሁለት ሰው ከኋላ ይቀመጣል፣ ቀዛፊው ከፊት ቆሞ በረጅም ዘንግ ይገፋል፣ ጉዞውም ሦስት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። በዚያው የወንዙ ሸለቆ ውስጥ ሙር ታውን የምትባል የማሩኖች መንደር አለች። ማሩኖች ከባርነት አምልጠው በተራራው ውስጥ የእንግሊዝን ጦር የተዋጉና በ18ኛው መቶ ዘመን እንግሊዝን የሰላም ውል ያስፈረሙ ሕዝብ ናቸው። መሪያቸው ናኒ ከጃማይካ ሰባት ብሔራዊ ጀግኖች ውስጥ ብቸኛዋ ሴት ናት፤ ምስሏ በ500 ዶላር ኖት ላይ አለ፣ መቃብሯም በመንደሯ ይጎበኛል። የማሩኖቹ ባህል በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት ተመዝግቧል። አድዋን ለሚያውቅ ሰው ይህን ታሪክ ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም። ወደ መንደሯ የሚሄድ ሰው ግን ሳያስታውቅ ካሜራ ይዞ አይገባም፤ ቀደም ብሎ በአስጎብኚ ወይም በእንግዳ ማረፊያው በኩል ለሽማግሌዎቹ ያስነግራል።

ባሕር ዳር ላይ አንድ ሕግ ማወቅ ይጠቅማል። በጃማይካ እ.ኤ.አ. በ1956 የወጣው የባሕር ዳርቻ ሕግ ለሕዝቡ በየትኛውም ዳርቻ ላይ እንደ ልብ የመግባት መብት አልሰጠም። በዚህ የተነሳ ብዙው ዳርቻ የሆቴል ወይም የግል ሆኖ ያስከፍላል፤ አገሬው በገዛ ባሕሩ ላይ ከፍሎ መግባቱ እስከ ዛሬ የሚያከራክር ጉዳይ ነው። ከፖርት አንቶኒዮ በስተ ምሥራቅ ያለው ዊኒፍሬድ ቢች ግን የአካባቢው ሰዎች ፍርድ ቤት ድረስ ሄደው ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን የታገሉለት ነው። ምግቡን እዚያ ካሉት ትንንሽ ቤቶች መግዛት ለዚያ ድካም ትንሽ ውለታ ይሆናል።

ከዊኒፍሬድ ጥቂት አለፍ ብሎ ቦስተን ቤይ አለ፤ «ጀርክ» የሚባለው ጥብስ ስሙ የተጠራበት ሰፈር ነው። ጭሱ ከመንገዱ ይታያል። የፒሜንቶ እንጨት በፍም ላይ ይረበረባል፣ ስጋው በእንጨቱ ላይ ይዘረጋል፣ ከላይ ቆርቆሮ ይከደናል። ከዚያ በኋላ ለሰዓታት መጠበቅ ነው። ቅመሙ የፒሜንቶ ፍሬ፣ ጦስኝ፣ ዝንጅብል፣ ሽንኩርትና ስኮች ቦኔት የሚባለው ቃሪያ ነው፤ ይህ ቃሪያ ሚጥሚጣ የለመደንም ሰው ያስነጥሳል። ጠባሹ ቆርቆሮውን ገለጥ አድርጎ ስጋውን ያወጣል፣ በሰፊ ቢላ ከነአጥንቱ ይከታትፈዋል፣ በሚዛን መዝኖ በወረቀት ይጠቀልላል። ለኢትዮጵያዊ እንግዳ አንድ ማሳሰቢያ አለ፦ የቦስተን ዋናው ጀርክ የአሳማ ነው፤ ዶሮውም ብዙ ጊዜ በዚያው ፍም ላይ ይጠበሳል። አሳማ የማይበላ ሰው ለብቻው የሚጠበስ እንዳለ አስቀድሞ ይጠይቅ፤ ጥያቄው ነውር የለውም፣ ራስታዎችም አሳማ አይበሉምና ሻጮቹ ለምደውታል። «ስቱ ፒስ» የሚባለው የቀይ ቦሎቄ ወጥም ብዙ ጊዜ በጨው የታሸ የአሳማ ጅራት ይገባበታል።

ረቡዕና ዓርብ የሚጾም ሰው በጃማይካ አይቸገርም። «አይታል» የሚባለው የራስታዎች ምግብ ስጋ የለበትም፤ አትክልቱና ጥራጥሬው በኮኮናት ወተት ይሠራል። ጨው ግን ብዙ ጊዜ ስለማይጨመርበት ለእኛ አፍ መጀመሪያ ገር ይሆናል። ጎመን የሚመስለው ካላሉም በየቤቱ አለ። አኪ የሚባለው ብሔራዊ ፍሬ ግን ከዛፍ ተቀጥፎ አይበላም፤ ሳይበስልና በራሱ ሳይፈነዳ ከተበላ መርዝ ነው። ከሚያውቅ ቤት ብቻ ይበላል።

ከፖርትላንድ ጋር የሚያያዘው ተራራው ነው። የብሉ ማውንቴን ጫፍ 2,256 ሜትር ነው፤ አዲስ አበባ ከዚህ ከፍ ትላለች። ይህን የሰማ ኢትዮጵያዊ ተራራውን እንዳይንቀው። መንገደኛው ከኪንግስተን ጫፍ ከፓፒን በታክሲ ማቪስ ባንክ ይደርሳል፣ ከዚያ በላንድሮቨር ወደ ፔንላይን ካስል ይወጣል፣ የሚያድረውም እዚያ ነው። ቀሪው አንድ ሺህ ሜትር ያህል ዳገት በእግር ነው። ጎህ ሲቀድ ጫፍ ላይ ለመገኘት ጉዞው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ይጀመራል፤ ጨለማ ነው፣ ድንጋዩ ያንሸራትታል፣ ጉሙ ልብስ ያረጥባል። የእጅ ባትሪ፣ ወፍራም ሹራብና አስጎብኚ የግድ ናቸው። ሰማዩ ከጠራ ከጫፉ ላይ ኩባ ትታያለች። ጠዋት ረፈድ ሲል ጉሙ መልሶ ይዘጋዋል። ተራራው ከጎረቤቱ ከጆን ክሮው ጋር እ.ኤ.አ. በ2015 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

በቁልቁለቱ ላይ የሚታየው ቁጥቋጦ ለኢትዮጵያዊ ዓይን አዲስ አይደለም፤ ቡና ነው። ከእኛ ወደ የመን፣ ከየመን ወደ ጃቫ፣ ከዚያ በአምስተርዳምና በፓሪስ አድርጎ ማርቲኒክ ደረሰ፤ ከማርቲኒክም እ.ኤ.አ. በ1728 የቀድሞው የጃማይካ አገረ ገዢ ኒኮላስ ሎውስ አስመጣው። ብሉ ማውንቴን የሚለው ስም የሚፈቀደው በአራት አውራጃዎች ውስጥ፣ በተወሰነ ከፍታ ላይ ለበቀለ ቡና ብቻ ነው። ስሙን ይዞ በርካሽ የሚሸጠው አብዛኛው ድብልቅ ስለሆነ ከእርሻው በቀጥታ መግዛት ይሻላል። ገበሬው እንግዳው ፊት እየቆላ አያጥንም፣ ሦስተኛ ስኒም የለም፤ ግን ስለ ቡና ከኢትዮጵያዊ ጋር መጫወት ይወዳል።

ሰሜኑና ምዕራቡ ዳርቻ በአጭሩ ይበቃሉ። ሞንቴጎ ቤይና ኔግሪል አሸዋቸው ያማረ፣ ሆቴላቸው የታጠረ ነው፤ ደሴቲቱን ማወቅ የፈለገ አንድ ሌሊት አድሮ ይለፍ። ከሰሜኑ ወገን ለኢትዮጵያዊ ልዩ ትርጉም ያለው የሴንት አን አውራጃ ነው። የጥቁሮች መብት ታጋዩ ማርከስ ጋርቪ የተወለደው እዚህ ነው። ቦብ ማርሊም በናይን ማይል መንደር ተወልዶ እዚያው ተቀብሯል። ማርሊ ከመሞቱ ጥቂት ቀደም ብሎ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ብርሃነ ሥላሴ ተብሎ ተጠምቋል፤ እ.ኤ.አ. በ1981 የተቀበረውም በዚሁ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ነው። ወደ መንደሩ የሚሄድ ሰው ከብራውንስ ታውን በአሌክሳንድሪያ በኩል ታክሲ እየቀያየረ ይደርሳል። መግቢያው ያስከፍላል፤ ከበሩ ውጭ ዕቃ የሚያሻሽጡና ጉርሻ የሚጠይቁ ወጣቶች ይበዛሉ፣ በትሕትና «አይ፣ አመሰግናለሁ» ማለት ይበቃል።

ኢትዮጵያዊ መሆኑ የታወቀ መንገደኛ በየደረሰበት ሊጠየቅ የሚችለውን አስቀድሞ ማሰብ አለበት። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ኪንግስተን የገቡበት ቀን ለራስታዎች ዛሬም በዓል ነው። ንጉሠ ነገሥቱን በአምላክነት የሚያዩ ሰዎች አሉ፤ ስለ ሻሸመኔ፣ ስለ ላሊበላ፣ ስለ ግዕዝ ይጠይቃሉ፣ አንዳንዱም ፊደሉን ቆጥሮ ያነባል። ከእነርሱ ጋር ክርክር መግጠምም ሆነ መሳቅ ተገቢ አይደለም። የሚያውቁትን በቅንነት መናገር፣ የእነርሱንም መስማት፣ ሳይፈቀድ ፎቶ አለማንሳት ይገባል። ለኢትዮጵያ ያላቸው ፍቅር በብዙ መከራ ውስጥ የተጠበቀ ነው፤ ከአገሩ ለመጣ ሰው የሚሰጡት ክብርም ከዚያው የመነጨ ነው። ራስታዎች የሚያጨሱትን ካናቢስ በተመለከተ እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ ትንሽ መጠን መያዝ እንደ ወንጀል ባይቆጠርም ከአገር ይዞ መውጣት ወንጀል ነው።

ስለ ደኅንነት ሁለት ቃል። ከባዱ ወንጀል በአብዛኛው በኪንግስተን፣ በስፓኒሽ ታውንና በሞንቴጎ ቤይ አንዳንድ ሰፈሮች ውስጥ የተወሰነ ነው። ወደ አዲስ ከተማ በቀን መግባት፣ የትኛው ሰፈር እንደማይኬድበት ባለ ማረፊያውን መጠየቅ ዋናው ጥንቃቄ ነው። የፖሊስ ስልክ 119፣ የአምቡላንስና የእሳት አደጋ 110 ነው።

የመጨረሻው ማዕዘን ደቡብ ምዕራቡ፣ ሴንት ኤልዛቤት ነው። ትሬዠር ቢች የዓሣ አጥማጆች መንደር ነው፣ በብላክ ሪቨር አዞ በጀልባ ይታያል፣ በሚድል ኳርተርስ መንገድ ዳር ሴቶች በቃሪያ የተቀቀለ ሽሪምፕ በፌስታል ይሸጣሉ። ከፍ ብሎ ኮረብታው ውስጥ አኮምፖንግ የምትባል ሌላ የማሩኖች መንደር አለች፤ ማሩኖቹ ውላቸውን የሚያከብሩት በየዓመቱ ጃንዋሪ 6 ቀን ነው፣ በእኛ የገና ዋዜማ። ይህ ማዕዘን በአጭር ጊዜ ውስጥ ሁለት ጊዜ በአውሎ ነፋስ ተመታ። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2024 ቤሪል የተባለው ጣሪያዎቹን ገነጠለ። ጥቅምት 18 ቀን 2018 ዓ.ም. ደግሞ ሜሊሳ የተባለው በከፍተኛው በአምስተኛው ደረጃ ከደቡብ ምዕራቡ ዳርቻ ገብቶ ብላክ ሪቨር ከተማን አፈራረሰ። ወደዚያ ለመሄድ ያሰበ ሰው የቆየ የጉዞ መጽሐፍ ላይ ያለውን ስም አምኖ አይነሳ። ለማረፊያው ባለቤት አስቀድሞ ይደውል፤ መብራትና ውኃ መመለሱን፣ መንገዱ መከፈቱን ይጠይቅ። ባለቤቱ «ኑ» ካሉ ግን ይሂድ፤ እዚያው ይደር፣ እዚያው ይብላ። አንድ እንግዳ የሚከፍለው የሦስት ሌሊት ኪራይ ለእነዚያ ቤቶች የቆርቆሮና የሚስማር መግዣ ነው።